የገንቦ ጆሮ፦ ስለ ሸክላ ስሞች አተረጓጐም በቦሌ ለሚ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት

ሳምንቱን ሙሉ በስፌት መኪና ፊት ተቀምጣችሁ ውላችሁ ይህችን አንዲት የዕረፍት ቀን ለአንድ ሽማግሌ ወሬ የሰጣችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤

ከበሩ እንደ ገባሁ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ አዳራሹ ከሼዱ ቀጥሎ ነው» ብላ መንገዱን አሳየችኝ። አመስግኛት ጥቂት እንደ ተራመድሁ ቃሉ ከኋላዬ ተከተለኝ። ሼድ በእንግሊዝ አገር ገበሬው አካፋውንና መጥረቢያውን የሚከትበት፣ ከብት ከዝናብ የሚጠለልበት ትንሽ ዳስ ነው። በቦሌ ለሚ ግን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር 20 ሼዶች ይዞ ነበርና፣ ቃሉ በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚውልበት ሰፊ የፋብሪካ አዳራሽ ማለት ሆኗል። በውስጡም ላይን አለ፣ ታርጌት አለ፣ ኦቨርሎክ አለ፤ ማንም ኦቨርሎክን ልተርጕም ብሎ እንቅልፉን አላጣም፤ መኪናው ስሙን ይዞ መጥቷልና ከነስሙ ተቀበልነው። ከእነዚህ አጠገብ ደግሞ አያቶቻችን ከኢጣልያን ሰፊዎች የተቀበሏቸው ኮሌታ፣ ፎደራ፣ ጓንቲና ካልሲ ተቀምጠዋል፤ እነዚህ ከመሰንበታቸው ብዛት የተነሣ ባዕድነታቸው እንኳ ተረስቶ የቤት ልጅ ሆነዋል። እንግዲህ የባዕድ ቃል መቼ እንደ እንግዳ እንደሚያድር፣ መቼስ እንደሚተረጐም፣ ሲተረጐምስ በየት በኩል ዞሮ እንደሚመጣ የምታውቁት እናንተ ስለ ሆናችሁ፣ የዛሬውን ነገር ለእናንተ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ የሸክላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዐውደ ርእይ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር እንዳርም ተላከልኝ። ዝርዝሩ በመጀመሪያ በኢጣልያንኛ ተጽፎ፣ ከኢጣልያንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር። በሦስተኛው መስመር ላይ «የመቃብሩ ፈርኒቸር» የሚል አነበብሁ። ቁም ሣጥንና ሶፋ ይዞ የተቀበረ መኰንን በዐይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ደግሞ «ቀይ መንሸራተት ያለበት ማሰሮ» ይላል። ማሰሮ ከእጅ ያመልጣል እንጂ መንሸራተቱ ቀለም የለውምና መነጽሬን አውልቄ ብዙ ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

ስሕተቱ የአንድ ሰው ስንፍና አልነበረም፤ የመንገዱ ርዝመት ነበረ እንጂ። ኢጣልያኖቹ «ኮሬዶ» ነበር ያሉት። ኮሬዶ በኢጣልያን አገር ሙሽራይቱ ከእናቷ ቤት ይዛ የምትወጣው፣ እናትና አያት ለዓመታት ሲሰፉና ሲጠልፉ የሰበሰቡት የአልጋ ልብስ፣ ፎጣና የገበታ ጨርቅ ነው። ቆፋሪው ከጥንት መቃብር ውስጥ በሟቹ ዙሪያ በሥርዐት የተደረደሩትን ገንቦዎች፣ ጽዋዎችና ጌጦች ባየ ጊዜ የእኅቱ የሙሽርነት ሣጥን ትዝ ቢለው አያስደንቅም፤ ሟቹንም ወደ ሌላ ቤት ሊሄድ እንደ ተሰናዳ ሙሽራ ቈጥሮ ስሙን ኮሬዶ አለው። እንግሊዞች ግን ሣጥኑን ትተው፣ በቀደመው ቋንቋቸው ፈርኒቸር ማለት አንድ ቤት የተሰናዳበት ዕቃ ሁሉ ነበርና በዚያ ቃል ጠሩት። የእኛ ተርጓሚ ደግሞ ፈርኒቸርን የሚያውቀው ከዕቃ መደብር ነው። እንዲህ ሆኖ የሙሽራ ሣጥን በሁለት ድንበር ላይ ሲፈተሽ ሶፋ ሆኖ ገባ።

በአማርኛ ጥሎሽ እንዳንለው ጥሎሽ የወንዱ ወገን የሚያመጣው ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ንዋየ ቅድሳት የምትለው ያማረ አነጋገር አላት፤ ንዋይ ዕቃም ነው፣ ሀብትም ነው፣ ለአንድ ክቡር ሥራ የተለየ መሣሪያም ነው። ስለዚህ ያን መስመር ሰርዤ «ንዋየ መቃብር» ብዬ ጻፍሁ፤ ሙሽራይቱ ባትኖርበትም ክብሯ አለበት።

ዝርዝሩ የሚያወሳቸው መቃብሮች የኤትሩስካውያን መቃብሮች ናቸው። ኤትሩስካውያን ሮማውያን ገና ጐልተው ሳይወጡ በአርኖና በቲቤር ወንዞች መካከል በሚገኘው አገር ታላላቅ ከተሞች የቈረቈሩ ሕዝብ ሲሆኑ፣ ፊደላቸውን ከግሪኮች ስለ ወሰዱ ጽሕፈታቸውን ማንበብ አይቸግርም፤ ቋንቋቸው ግን በሚገባ የሚታወቅ ዘመድ የሌለው በመሆኑ ከሚነበበው የሚገባው ጥቂት ነው። ሙታናቸውን ከቋጥኝ ተፈልፍሎ እንደ ቤት በተሠራ ዋሻ ይቀብሩ ነበር። በቼርቬተሪ እ.ኤ.አ. በ1836 የተከፈተው፣ በሁለቱ ቆፋሪዎች ስም ሬጎሊኒ ጋላሲ የሚባለው መቃብር ወርቁን ብቻ ሳይሆን ያን የታወቀ ጥቁር ሸክላቸውንም ይዞ ተገኝቷል። ይህ ሸክላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ቼርቬተሪ ውስጥ ተጀምሮ እስከ አምስተኛው መቶ ዓመት የዘለቀ ሲሆን፣ ላዩ እንደ ብረት ያብለጨልጫል፣ ሲሰበርም ውስጡ እንደ ላዩ ጥቁር ነው። ጥቁረቱ የቀለም አይደለም። ሸክላው ሳይደርቅ በለስላሳ ነገር ታሽቶ ታሽቶ ይወለወላል፤ ከዚያ በእቶኑ ውስጥ የአየሩ መግቢያ ሲታፈንበት እሳቱ ትንፋሽ አጥቶ ከጭቃው ውስጥ ካለው የብረት ዝገት ላይ ኦክሲጅኑን ይነጥቃል፤ ቀይ ይሆን የነበረው ጥቁር ይሆናል። በቡና ሰዓት የምታቀርቡት ጥቁር ጀበናም መልኩን ያገኘው ከጢስ ስለ ሆነ ይህ ነገር ለእናንተ ሩቅ አይደለም።

የዚህ ሸክላ ስም ቡኬሮ ነው። ይህ ስም ግን የኤትሩስካውያን አይደለም፤ የኢጣልያኖችም አይደለም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በስፓኝና በፖርቱጋል ቡካሮና ፑካሮ የሚባሉ፣ አንዳንዶቹም ከሜክሲኮ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ፣ ውኃ ሲገባባቸው የመልካም አፈር ሽታ የሚሰጡ ዕቃዎች በመኳንንቱ ቤት እንደ ጌጥ ይቈጠሩ ነበር። ወይዛዝርቱ ውኃውን ከጠጡ በኋላ ሸክላውንም ይቈረጥሙት ነበር ይባላል። (ነፍሰ ጡር ሆና የምድጃ አፈር ያማራት እናት እዚህ ካለች አትሣቅ፤ የስፓኝ ወይዛዝርት ባልንጀሮቿ ናቸው።) ሠዓሊው ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1656 የንጉሡን ልጅ ከደንገጡሮቿ ጋር በሣለበት ስመ ጥር ሥዕል ላይ አንዲቱ ደንገጡር ለልዕልቲቱ የምታቀርብላት ትንሽ ቀይ ዕቃ ከእነዚሁ አንዱ ነው። የፊሬንሴው ሎሬንጾ ማጋሎቲም ስለ እነርሱ ብዙ ደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ ፍቅሩ ወደ ኢጣልያ ተሻግሯል። በኋላ የኤትሩስካውያን ጥቁር ሸክላ ከመቃብር በወጣ ጊዜ ኢጣልያኖች ያን የውጭ አገር ዕቃ መሰላቸውና በስሙ ጠሩት። ስሙ ስሕተት ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሥር ሰድዷል። እንግሊዞች ሊተረጕሙት ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀርቶ ሳይሆን፣ መተርጐም የማያስፈልገው መሆኑን ተረድተው ቡኬሮን ከነስሙ ተቀበሉት። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ይህ የእኔ ኦቨርሎክ ነው።

«ኢምፓስቶ» ግን ሌላ ነገር ነው። ከቡኬሮ በፊትም ከእርሱም ጋር አብሮ ይሠራ የነበረውን፣ አሸዋና ጠጠር ያለበትን፣ በእጅ የሚበጀውን ሻካራ ሸክላ ኢጣልያኖች ኢምፓስቶ ይሉታል፤ ከማቡካት የመጣ ቃል ነው፤ ፓስታም ዘመዱ ነው። እንግሊዞች ይህንንም ሳይነኩ ወሰዱት፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ኢምፓስቶ ሲሉ ሠዓሊ በሸራ ላይ ቀለም ሲያወፍር የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። በአማርኛ ጭቃም ይቦካል፣ ሊጥም ይቦካል፤ የቦካውም ቡኮ ይባላል። እንግዲህ ኢምፓስቶ በእንግሊዝኛ በኩል ሳይዞር ከኢጣልያ ኩሽና ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ኩሽና ሊገባ ሲችል ስለ ምን በለንደን በኩል ያድራል? የቡኮ ሸክላ አልሁት። ሰሚው ቡኮንና ቡኬሮን እንዳያምታታ ብቻ እሰጋለሁ፤ የድምፃቸው መመሳሰል እንዲያው አጋጣሚ ነው።

«ቀይ መንሸራተት» ያለው ደግሞ እንግሊዞች ስሊፕ የሚሉት፣ ኢጣልያኖችም ኢንጎቢዮ የሚሉት ነው። ስሊፕ በመዝገበ ቃላት መንሸራተትም ነው፣ የሴት የውስጥ ልብስም ነው፤ በሸክላ ሠሪ እጅ ግን በውኃ የቀጠነ አፈር ሆኖ ዕቃው ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት የሚቀባበት ነው። ቅብ ከማለት በቀር ምን ሊባል ይችላል? በዚህ አንጻር እንግሊዞች ራሳቸው የተሰናከሉበትን ላንሣ። ኢጣልያኖች ቬርኒቼ ኔራ የሚሉት በጥቁር ቅብ የሚያብረቀርቅ ሸክላ አለ፤ ቬርኒቼ በዘወትር አነጋገር ቫርኒሽ ስለ ሆነ የቀደሙት እንግሊዞች አንድ ጊዜ ጥቁር ቫርኒሽ፣ ሌላ ጊዜም እንደ ሲኒ በመስተዋት የተለበጠ ብለው ጻፉ። በዚያ ሸክላ ላይ ግን መስተዋት የለም፤ ያው የነጠረ አፈር ነው። ኋላ ሊቃውንቱ ይህን አርመው ጥቁር ግሎስ፣ ማለትም ጥቁር ጸዳል ይሉት ጀመር፤ ጥቁር ሲያበራ ለእኛ ጆሮ እንቈቅልሽ ይሆናልና ጥቁር ወዝ ማለት ይሻላል። ወዝ ያለው ፊት እንደምንል ሸክላም ወዝ አለው።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልምጣ። ኢጣልያኖች የዕቃውን አፍ ዳርቻ «ኦርሎ» ይላሉ። ኦርሎ የቀሚስ ጠርዝም ነው፤ ታጥፎ የሚሰፋው ማለት ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ስላለው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ለሸክላው ሪም፣ ለልብሱም ሄም ይላል። አማርኛ ግን ጠርዝ ሲል ሸማውንም ገንቦውንም በአንድ ቃል ይይዛል። እጥፍ ያለውን የማሰሮ ጠርዝ ጣቷን አሳልፋ የዳሰሰች ሰፊ ኢጣልያናዊው ስለ ምን ኦርሎ እንዳለው ሳይነገራት ታውቃለች።

ይህ ሁሉ የኢጣልያ መቃብር ነገር እኛን ምን ያገባናል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በአገራችንና በአካባቢያችን የቈፈሩት ሰዎች የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መሆናቸው ነው። ሮቤርቶ ፓሪቤኒ ከሮማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በካፔና አገር፣ ከኤትሩስካውያን ጎረቤት የነበሩትን ሰዎች መቃብሮች ቈፍሮ እ.ኤ.አ. በ1906 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በቀይ ባሕር ጠረፍ በአዱሊስ አካፋውን ተከለ፤ ውጤቱንም በ1907 አወጣ። ካፔናን በገለጠበት አፍ አዱሊስንም ገለጠ። ሳልቫቶሬ ፑሊዚ በኢጣልያ ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1939 በአክሱም ቈፈረ፤ ኋላም የታወቀው በኢጣልያ ተራሮች ላይ ይኖሩ ስለ ነበሩ የጥንት እረኞች ባጠናው ነው። የናፖሊው ሮዶልፎ ፋቶቪች ከአክሱም በፊት ስለ ነበረው ሸክላችን እ.ኤ.አ. በ1980 በኢጣልያንኛ ጥናት ካወጣ በኋላ፣ ከ1993 ጀምሮ ከቦስተኗ ካትሪን ባርድ ጋር በአክሱም አጠገብ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በዚያ ኮረብታ ላይ በየቀኑ ከጉድጓዱ የሚወጣው ስባሪ በአንድ በኩል ኢጣልያንኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ስም ይሰጠው ነበር፤ ስባሪውን የሚያጥበው ግን የአካባቢው ሰው ነበርና ስባሪው ከሁለቱም በፊት ስም ነበረው።

በኢጣልያንኛና በአማርኛ መካከል ያለው መንገድ ጠፍ አልነበረም። ኢኛሲዮ ጉዊዲ የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን በሮማ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ በዚያም ሥራ የረዳው የእኛው ሊቅ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበር። ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመረውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙሩ ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሰ፤ እርሳቸውም ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አወረሱ፤ መጽሐፉም በእኛ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ታተመ። በሦስት ትውልድ እጅ ያለፈ መጽሐፍ እንደ አንድ ጋን ነው፤ አንዱ ያቦካዋል፣ አንዱ ያበጀዋል፣ አንዱ በእሳት ያሳልፈዋል። ከእንዲህ ያለ ሀብት ጋር ተቀምጠን «ፈርኒቸር» መዋሳችን ነው የሚያሳፍረኝ።

እኔ ግን መጽሐፍ ብቻ አልጠየቅሁም፤ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ወደ ቀጨኔም ወጣሁ። አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ከደጃፋቸው ተቀምጠው አንድ ገንቦ እያለሰለሱ አገኘኋቸው። «እማማ፣ የዚህን ዕቃ አካላት አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አልኋቸው። ሣቁብኝና ጭቃ በነካው ጣታቸው እየነኩ ቈጠሩልኝ፤ «ይሄ አፉ፣ ይሄ ከንፈሩ፣ አንገቱ፣ ሆዱ፣ እነዚህ ጆሮዎቹ፣ ይሄ ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቂጡ።» ኢጣልያኖችም አፍ፣ ከንፈር፣ አንገት፣ ትከሻና ሆድ ይላሉ፤ እንግሊዞችም እንዲሁ፤ ሸክላን በሰው አምሳል ያላየ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም፤ እግዚአብሔርም አዳምን ያበጀው ከዚሁ ነገር ነው። የሚለያዩት ጆሮው ላይ ነው። እንግሊዞች ከእጅ ጋር አያይዘው ሃንድል ይሉታል፤ በእኔ ዝርዝር ላይም «መያዣ» ተብሎ ተተርጕሞ ነበር፤ መያዣ ደግሞ ለባንክ የሚሰጥ ነው። የጥንት ግሪኮች ግን ልክ እንደ ቀጨኔዋ እናት ጆሮ ይሉት ነበር። እንግሊዞችም ትንሹን ጆሮ ሉግ ሲሉት በገጠር አነጋገራቸው ጆሮ ማለታቸው ነው፤ ይህን ራሳቸውም ረስተውታል። «ጆሮ» ብዬ አረምሁት። ስለ መጨረሻው ቃል ግን «መቀመጫ» በል ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ፤ እኔ የድስት ቂጥ ሲጠቍር አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝና አላፍርበትም፤ ቢሆንም ዝርዝሩ ሕፃናት የሚያነቡት ስለ ነበረ ተሸነፍሁ።

በመንገዴ ሳለሁ ያሳዘነኝ ነገር አለ። በሸክላ ሠሪዎች ላይ የሚጣለው ጠይብ የሚለው ስድብ ከጠቢብ የመጣ ነው። ጥበበኛ ብለን የሰየምነውን ሰው በዚያው ስም መልሰን ገፍተነዋል። እነዚያ እናት «የእኛን ቃል በመጽሐፍ ልትጥፈው ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ማመናቸውም አለማመናቸውም አልታወቀኝም።

ነገር ግን ሕያው ቃል ሁሉ ያለ ፍርሃት ይወሰዳል ማለቴ አይደለም። የአካል ስም አይዋሽም፤ አንገት የትም አንገት ነው። የዕቃው ስም ግን ሥራውን ይናገራል። ከአክሱም ጉድጓድ የወጣ ጠባብ አንገትና ጆሮ ያለው ዕቃ አይቼ ጀበና ብለው፣ አክሱማውያን ቡና ሲያፈሉ ነበር ብዬ መመስከሬ ነው፤ ይህንንም ማንም አልጠየቀኝም። ጋን ብለው ጠላ ጠምቄለታለሁ፤ እንስራ ብለው ሴት ልጅ ጀርባ ላይ አሸክሜዋለሁ። ስለዚህ የዕቃው ሥራ ካልታወቀ በቀር ባለ ጠባብ አንገት ዕቃ፣ ባለ ሁለት ጆሮ ዕቃ ማለት ይበቃል፤ ደረቅ ነው፣ ግን አይዋሽም። ግእዛችን ልሕኵት፣ ጽሕርት፣ ቀሡት፣ ጽዋዕ የሚሉ ስሞች አስቀምጦልናል፤ እነርሱንም ቢሆን የትኛው ስም ለየትኛው ቅርጽ እንደ ነበረ ሳንመረምር በየስባሪው ላይ መለጠፍ ድፍረት ነው።

ለዚህ የኤትሩስካውያን ነገር ጥሩ ምስክር ነው። እነዚያ ሰዎች በዕቃዎቻቸው ላይ መጻፍ ይወዱ ነበር፤ ዕቃው ራሱ እንደ ሰው «እኔ» እያለ ይናገራል። ከቼርቬተሪ የተገኘ አንድ ዕቃ «እኔ የካርካና ቁቱም ነኝ» ይላል። ቁቱም የዕቃው ስም ነው፤ እርሱም ቢሆን ከግሪክ ኮቶን ተወስዶ በኤትሩስካውያን አፍ የተለወጠ ነው። ሌላው ኩሊክና ነኝ ይላል፤ ይህም የግሪክ ኪሊክኔ ነው። እንግዲህ ዕቃው ስሙን በአፉ እየነገረን ሳለ ሊቃውንቱ ግን ይህን ዐይነቱን ሁሉ ዛሬም በግሪክ መጻሕፍት ስም እየጠሩ በመደርደሪያ ያስቀምጡታል። ይህ ለሥርዐት ይመቻቸዋል፤ አልነቅፋቸውም። ግን ስሙን የሚናገር ዕቃ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ ሌላ ስም ብሰጠው የሚያፍር ይመስለኛል።

አንዲት ቃል ቀርታኛለች። ኢጣልያኖች ኮቾ፣ እንግሊዞች ሼርድ የሚሉትን እኛ ገል እንላለን። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ቍስሉን ያከከበት ነው፤ እናቶቻችን ከጎረቤት ፍም የሚቀበሉበት ነው፤ በብዙ ስፍራም ሸክላ ሠሪዎች ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር የሚያቦኩት ነው። ኢጣልያኖች ይህን ጭማሪ የጭቃውን ስብ የሚያወጣ ይሉታል፣ እኛ ግን ያው ገል እንለዋለን። ከቀጨኔ ስመለስ እማማ ከሰበሩት ገንቦ አንድ ቍራጭ ሰጥተውኝ ነበር፤ ጠርዙም፣ የጆሮውም ግማሽ አሉበት፤ ቀይ ቅቡም ከውስጡ ቡኮ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። ከፊተኛው ረድፍ ጀምራችሁ እጅ በእጅ አሳልፉልኝ፤ የተሰበረበት ወገን ስለት አለውና ጣታችሁን ጠብቁ።